ድርሻን በቅን ስለ ማካፈል፤ የሰር ኤርነስት ሻክልተን ታሪክ

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን ሰዎች ተሰብስበው ቅርጫ በሚገቡበት ጊዜ የሚያደርጉትን አይታችኋል። እያንዳንዱ የድርሻውን ገንዘብ ያዋጣል፤ በሬውም ይገዛል። አንዱ ያርዳል፥ አንዱ ቆዳውን ይገፍፋል፥ አንዱ ይበልታል፤ ሥጋውም ከየብልቱ እየተቈረጠ በቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። በመጨረሻ ዕጣ ይጣላል። ዕጣ የሚጣለው ስለ ምንድር ነው? የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ሳያውቅ እንዲመድብ ነው። የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ያወቀ ሰው እጁ ወደዚያው ታደላለች፤ ዐይኑም ሙዳውን ከአጥንቱ ለይታ ትመርጣለች።

ማካፈል ግን የሥጋ ነገር ብቻ አይደለም። አብረው ለአደን ወይም ለሩቅ መንገድ የሚወጡ ሰዎች የሚካፈሉት አራት ነገር አለ፤ ይኸውም ወጪ፥ ሥራ፥ ሥጋና ክብር ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ያለ ፍትሕ የተከፈለ እንደ ሆነ ማኅበሩ ይቈስላል። ይህን በግልጥ የሚያሳየን የኤርነስት ሻክልተን ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ወራትና ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሻክልተን በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1874 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በኪልዴር አውራጃ ኪልኪ በምትባል ስፍራ ተወለደ። ወላጆቹ ዐሥር ልጆች ወለዱ፤ እርሱ ሁለተኛው ነበረ። አባቱ በመጀመሪያ ገበሬ ነበረ፤ በኋላ ግን የሕክምና ትምህርት ተምሮ ሐኪም ሆነና በ1884 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ለንደን ሄደ። ብዙ ልጆች በሚቀርቡበት ገበታ ያደገ ልጅ አንድ ዳቦ ስንት ቦታ እንደሚቈረስ ከሕፃንነቱ ይማራል። አባቱ ልጁም እንደ እርሱ ሐኪም ይሆን ዘንድ ይወድ ነበር፤ ሻክልተን ግን ባሕርን መረጠ። በ16 ዓመቱ በሸራ በምትሄድ መርከብ ተቀጥሮ ከተራ መርከበኞች ጋር ገመድ እየሳበና ወለል እየጠረገ ሥራውን ተማረ፤ በ1898 ዓ.ም. መርከብ ለመምራት የሚያበቃውን የምስክር ወረቀት ተቀበለ።

በምድር ደቡባዊ ጫፍ አንታርክቲካ የሚባል በበረዶ የተሸፈነ ሰፊ አገር አለ። በዚያ ዛፍ አይበቅልም፥ እህልም አይዘራም። በባሕሩ ዳርቻ ግን ሲል የሚባል እንስሳ ይኖራል፤ እርሱም በባሕር እየዋኘ ዓሣ የሚበላ፥ በበረዶ ላይ ወጥቶ የሚተኛ፥ ከቆዳው በታች ወፍራም ስብ ያለው ነው። ፔንጉዊን የሚባል መብረር የማይችል የባሕር ወፍም አለ። በዚያ አገር ስንቁ ያለቀበት ሰው ወይ አድኖ ይበላል፥ ወይ ይሞታል።

ሻክልተን ወደዚህ አገር መጀመሪያ የሄደው በ1901 ዓ.ም. የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን በነበረው በሮበርት ስኮት አለቅነት ነበር። በ1902 ዓ.ም. መጨረሻ ስኮት፥ ሐኪሙ ዊልሰንና ሻክልተን ሦስቱ ብቻቸውን ወደ ደቡብ ዘለቁ። ስንቃቸው እያነሰ፥ ረኃባቸው እየበረታ ሄደ። ልጆች ሆይ፥ ረኃብ መልካሙን ሰው እንኳ ተጠራጣሪ ያደርገዋል፤ የባልንጀራውን ድርሻ በዐይኑ ይለካል፥ የርሱም ያነሰ ይመስለዋል። ሻክልተን ለዚህ መድኃኒት አገኘ። ምግቡ በተቻለ መጠን በሦስት እኩል ክፍል ይመደባል፤ አንዱ ፊቱን ያዞራል፤ ሌላው አንዱን ድርሻ በእጁ እያመለከተ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ፊቱን ያዞረውም ሳያይ የአንዱን ስም ይጠራል። ያነሰ ቢደርሰው የሚታማ ሰው የለም፤ የበለጠ ቢደርሰውም የሚመካ የለም። ይህ ከቅርጫ ዕጣ ጋር አንድ ነው። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሕዝቦች፥ አንዱ በሞቃት አንዱ በብርድ አገር ሳሉ፥ ወደ አንድ ጥበብ ደረሱ።

በዚያ ጕዞ ሻክልተን ትኩስ ምግብ በማጣት በሚመጣው ስኩርቪ በሚባል በሽታ ክፉኛ ታመመና በ1903 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተሰደደ። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ1907 ዓ.ም. ኒምሮድ በምትባል መርከብ፥ አሁን ራሱ አለቃ ሆኖ፥ ተመለሰ። በኦክቶበር 29 ቀን 1908 ዓ.ም. ከሦስት ባልንጀሮቹ ከፍራንክ ዋይልድ፥ ከኤሪክ ማርሻልና ከጄምሶን አዳምስ ጋር፥ አራት ትንንሽ ፈረሶች አስከትሎ፥ ወደ ደቡብ ዋልታ ተነሣ። ስንቃቸው ለ91 ቀን የተሰፈረ ነበር። ፈረሶቹ አለቁ፥ ስንቁም አነሰ። በጃንዋሪ 9 ቀን 1909 ዓ.ም. ዋልታው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሻክልተን እንዲመለሱ ወሰነ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ያን ያህል ወደ ደቡብ አልደረሰም ነበር፤ ወደ ፊት ቢሄዱ ምናልባት ይደርሱ ነበር፥ ነገር ግን በሕይወት አይመለሱም። አለቃው ለራሱ ክብርን ወስዶ ለባልንጀሮቹ ሞትን ማካፈል አልወደደም።

በመመለሻው መንገድ ዋይልድ ታመመ፤ የፈረስ ሥጋውም ሆዱን እንቢ አለው። ለሰው በቀን የሚደርሰው ጥቂት ብስኩት ነበር። በጃንዋሪ 31 ቀን ሻክልተን ለቁርሱ የደረሰውን አንድ ብስኩት ለዋይልድ ሰጠው፤ ዋይልድ አልቀበልም ቢል በግድ አስያዘው። ዋይልድም በዕለት መዝገቡ ይህን ውለታ በሕይወቱ ሙሉ እንደማይረሳው ጻፈ። አስተውሉ፤ አለቃው ከማኅበሩ ስንቅ አንሥቶ ቢሰጠው ኖሮ የሌሎቹን ድርሻ መስጠቱ በሆነ ነበር። እርሱ ግን የሰጠው የራሱን ነው። የጋራው በሚዛን ይከፈላል፤ ቸርነት ግን ከገዛ ድርሻ ይወጣል። ከተመለሰም በኋላ በዚያው ዓመት ንጉሡ የሰርነት ማዕርግ ሰጡት።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ታሪክ እንሄዳለን። በ1914 ዓ.ም. ሻክልተን አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ኢንዱራንስ በምትባል መርከብ ተነሣ። በመርከቧ ውስጥ ተደብቆ የገባ አንድ ወጣት ተቈጥሮ ሁሉም 28 ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም መኰንኖች፥ ሐኪሞች፥ የሳይንስ ሊቃውንት፥ አናጢና ተራ መርከበኞች ነበሩ። በጃንዋሪ 1915 ዓ.ም. መርከቧ በዌዴል ባሕር በረዶ ተያዘች፤ ዳግመኛም አልተላቀቀችም።

ሻክልተን በመርከቧ ላይ ሥራን ያለ አድልዎ አካፈለ። ሊቃውንቱና ሐኪሞቹ ከመርከበኞቹ ጋር ተንበርክከው ወለል ያጥቡ፥ የሌሊቱንም ጥበቃ በየተራ ይጠብቁ ነበር። ከመኰንኖቹ አንዳንዱ ይህን እንደ ውርደት ቈጥሮ አጕረመረመ። ነገር ግን በክረምቱ ጨለማ ወራት አንዱ ሠርቶ ሌላው ቢቀመጥ ኖሮ በመርከቧ ሁለት ወገን በተፈጠረ ነበር።

በኦክቶበር 27 ቀን 1915 ዓ.ም. በረዶው መርከቧን ሰብሮ ስለ ጨፈለቃት ሰዎቹ ወጥተው በበረዶው ላይ ሰፈሩ፤ በኖቬምበር 21 ቀንም ፈጽማ ሰጠመች። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ፓውንድ፥ ማለት አንድ ኪሎ የማይሞላ፥ የግል ዕቃ ብቻ እንዲይዝ ታዘዘ። ሻክልተን ትእዛዙን በራሱ ጀምሮ የወርቅ ገንዘቡን በሁሉ ፊት በበረዶው ላይ ጣለ። ለመኝታም ከጠጕራም ቆዳ የተሠራ ሙቀት ያለው ከረጢት 18 ብቻ ነበረ፤ የቀረው ከሱፍ የተሠራ፥ ብርድ የማይችል ነበር። ዕጣ ተጣለ፤ ሻክልተንና ከመኰንኖቹ አንዳንዶቹ የሱፉ ደረሳቸው፥ ቆዳው ለመርከበኞቹ ሆነ። ከመርከበኞቹ አንዳንዶቹ በዕጣው ውስጥ ተንኰል እንዳለ ጠረጠሩ፤ ተንኰሉ ግን የተሠራው እነርሱን ለመጥቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ኑሮ በአደን ሆነ። ጠባቂው ከሩቅ ጥቍር ነገር በበረዶ ላይ ሲያይ ይጣራል፤ ጠመንጃ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዋይልድ ነበር። ሲሉ ከተገደለ በኋላ ሌሎቹ በገመድና በውሾች ጐትተው ያመጡታል፤ ቆዳውን ይገፍፋሉ፥ ሥጋውን ይበልታሉ፤ ስቡም ለምድጃው ማገዶ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ቻርልስ ግሪን ከማለዳ እስከ ማታ በስቡ ጢስ ፊቱ ጠቍሮ ይቀቅላል። ከየድንኳኑ አንድ ሰው በየተራ ምግብ አምጪ ይሆናል። በየድንኳኑም ያው የጥንቱ ጥበብ ተመለሰ፤ አንዱ ፊቱን ያዞራል፥ አንዱ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፥ ስምም ይጠራል። የተኰሰው ሰው፥ የጐተተው ሰው፥ የቀቀለው ሰው፥ ታሞ የተኛውም ሰው ድርሻቸው አንድ ነበር።

ይህ ሕግ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ፥ ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ሁለት መቶ ሰዎች ደክመው በባሦር ወንዝ አጠገብ ከዕቃው ጋር ቀሩ። ድል በሆነ ጊዜ ከተዋጉት መካከል ክፉዎች ለቀሩት ምርኮ አንሰጥም አሉ፤ ዳዊት ግን የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ለእስራኤል ሥርዐት አደረገ። ዕቃ ጠባቂ ባይኖር ተዋጊው ወዴት ይመለስ ነበር? ወጥ ቤት ባይኖርስ አዳኙ ምን ይበላ ነበር?

በዚያ ሰፈር ጠብ አልነበረም ማለት አይደለም። በዲሴምበር 1915 ዓ.ም. ሰዎቹ ከባዱን ጀልባ በሚሰምጥ በረዶ ላይ ሲጐትቱ አናጢው ሃሪ ማክኒሽ ከዚህ በኋላ አልሄድም ብሎ ቆመ። ምክንያቱም መርከቧ ከጠፋች የመርከበኛው ውል ፈርሷል፥ ደመወዙም ቀርቷል የሚል ነበር። ሻክልተን ሰዎቹን ሰብስቦ ውሉን አነበበላቸው፤ ወደብ እስኪደርሱ ግዴታቸው እንደሚጸና፥ ደመወዛቸውም እንደማይቋረጥ ገለጠላቸው። ማክኒሽም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፥ የድካምና የገንዘብ ውል ከመንገድ በፊት በግልጥ ካልታወቀ፥ ጥያቄው በመንገድ መካከል፥ ሰው በደከመበት ሰዓት እንደሚነሣ ነው።

በኤፕሪል 9 ቀን 1916 ዓ.ም. በረዶው ስለ ተሰነጠቀ በሦስት ጀልባ ሆነው ወደ ባሕር ወጡ። ፎቶግራፍ አንሺው ሃርሊ ጓንቱ ቢጠፋበት ሻክልተን የራሱን አውልቆ ሰጠው፤ በዚህም የገዛ ጣቱ በውርጭ ተጐዳ። በኤፕሪል 15 ቀን ሰው በሌለበት በኤለፋንት ደሴት ወረዱ። ከዚያ እርዳታ ይመጣል ተብሎ ተስፋ ስለማይደረግ ሻክልተን በአንዲቱ ጀልባ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ሊሄድ ቈረጠ። ጀልባዋ ርዝመቷ ሰባት ሜትር የማይሞላ ነበረች። ጐኗን ያሳደገው፥ ላይዋን በእንጨትና በሸራ የሸፈነው፥ ስንጥቋንም በሠዓሊው ቀለምና በሲል ደም የደፈነው ያው አናጢ ማክኒሽ ነበር።

በኤፕሪል 24 ቀን ስድስት ሰዎች በጀልባዋ ተነሡ፤ 22ቱ በዋይልድ አለቅነት በደሴቲቱ ቀሩ። በባሕር ላይ ሻክልተን ከሰዎቹ አንዱ ብርድ እንደ በረታበት ባየ ጊዜ ለስድስቱም ትኩስ ወተት እንዲፈላ ያዝዝ ነበር። ለአንዱ ብቻ ቢሰጥ ያ ሰው በድካሙ ያፍር ነበርና፥ ለሁሉ ሰጥቶ የአንዱን ድካም ሸሸገ። በሜይ 10 ቀን ደቡብ ጆርጂያ ደረሱ፤ ከዚያም ሻክልተን ከካፒቴን ዎርስሊና ከቶም ክሪን ጋር ማንም ያልተሻገረውን የበረዶ ተራራ በ36 ሰዓት አቋርጦ ወደ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰፈር ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ በሌላ መርከብ ቢሞክር በረዶው መለሰው። በኦገስት 30 ቀን 1916 ዓ.ም. የልኮ በምትባል በቺሌ መንግሥት መርከብ በአራተኛው ሙከራ ደረሰ። እነዚያም 22 ሰዎች ሁለቱን ጀልባዎች ገልብጠው ቤት አድርገው፥ ሲልና ፔንጉዊን እያደኑ፥ ከአራት ወር በላይ ቈይተው ነበር። ሻክልተን ከሩቅ ሰዎቹን አንድ በአንድ ቈጠረ፤ 22 ሆኑ። ከ28ቱ አንድ እንኳ አልጐደለም።

ልጆች ሆይ፥ የመልካም ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጕድለቱ መሸሸግ የለበትም፤ ከጕድለቱም እንማራለንና። ሻክልተን ሥጋንና ሥራን በማካፈል ወደር አልነበረውም። በወጪ ነገር ግን ሒሳቡ የተስተካከለ አልነበረም። ለጕዞው ከባለጠጎችና ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ ለመነ፤ ጀምስ ኬርድ የተባሉት ሰው ብቻ 24,000 ፓውንድ ሰጡ። ቢሆንም ገንዘቡ አልበቃም። በአንታርክቲካ በሌላው ዳር በሮስ ባሕር በኩል ስንቅ እንዲያስቀምጡለት ለላካቸው ሰዎች የሰጠው ገንዘብ ከሚያስፈልጋቸው እጅግ ያነሰ ነበር። እነርሱ መርከባቸው በማዕበል ተወስዳባቸው ዐሥር ሰዎች በየብስ ቀሩ፤ የታዘዙትን ስንቅ ለማይመጣው መንገደኛ አስቀመጡ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሞቱ። በአንዱ ወገን ማንም አልሞተም ብለን ስንደሰት፥ በሌላው ወገን የሞቱትን መርሳት አይገባንም። ሻክልተን ራሱም ሲሞት 40,000 ፓውንድ ያህል ዕዳ ትቶ ነበር። አበዳሪውም እኮ ከጕዞው ተካፋዮች አንዱ ነው።

በክብርም ነገር አንድ ጕድለት አለ። ከጕዞው በኋላ ለሰዎቹ የዋልታ ኒሻን ሲሰጥ ሻክልተን የአራት ሰዎችን ስም አስቀረ፤ ከእነርሱም አንዱ አናጢው ማክኒሽ ነበር። ማክኒሽ አንድ ቀን እንቢ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጀልባዋን ያበጀው እጅ የርሱ ነበር፤ ያችም ጀልባ ባትሻገር 28ቱም በጠፉ ነበር። በረኃብ ቀን ሥጋውን እኩል የተካፈለ ሰው በጥጋብ ቀን ከክብሩ ተከለከለ። በ1930 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ በድኽነት ሞተ።

በአገራችንም አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ይዘፈንለታል፥ ይሸለማል። ዱካ የተከተለው፥ ስንቅ የተሸከመው፥ እሳት ያነደደው ግን ስሙ አይነሣም። ሥጋ ቢጐድል ነገ በሌላ አደን ይተካል፤ የተነፈገ ክብር ግን በልብ ውስጥ እንደ እሾህ ይቀራል። ስለዚህ ከአራቱ ድርሻ ይህ የመጨረሻው ለማካፈል ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ክብር በሚዛን አይመዘንም፥ ፊትን አዙሮም አይታደልምና።

ሻክልተን በጃንዋሪ 5 ቀን 1922 ዓ.ም. በ47 ዓመቱ፥ ወደ ደቡብ ለአዲስ ጕዞ ሲሄድ፥ በደቡብ ጆርጂያ በልብ ድካም ሞተ፤ በባለቤቱም ፈቃድ በዚያው ተቀበረ። ፍራንክ ዋይልድ በ1939 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሞተ፤ በ2011 ዓ.ም. ዐመዱ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ተወስዶ በሻክልተን መቃብር ቀኝ ተቀበረ። አንድ ብስኩት የተሰጠውና የሰጠው ዛሬ ጐን ለጐን ተኝተዋል። የኢንዱራንስም ስባሪ በ2022 ዓ.ም. በ3,008 ሜትር ጥልቀት በባሕሩ ወለል ላይ ተገኘ።

እንግዲህ እናንተ ለአደን ብትወጡ፥ ወይም ለእንጨት ለቀማ፥ ወይም ለማኅበር ድግስ ብትሰበሰቡ፥ ይህን አስቡ። ከመውጣታችሁ በፊት ማን ስንት እንደሚያወጣ ተነጋገሩ፤ ያላችሁን ቃልም ጠብቁ። ሥራውን በተራ አድርጉት፤ የተማረውም ያልተማረውም ውኃ ይቅዳ፥ ዕቃ ይጠብ። ምግብ የምትመድብ ሆይ፥ ድርሻህን ለመጨረሻ ተው፤ ልትጨምር ብትወድ ከራስህ ጨምር። ወደ ቤት በተመለሳችሁም ጊዜ ስለ ጕዞው ስትተርኩ የሁሉን ስም ጥሩ፤ የተጣላችሁትንም ሰው ስም አታስቀሩ።